አልደረቀም

ጣሃ ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣል፣
ከሥራ ቤቴ ደጃፍ ይቆማል፤
ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ስቦ
የተላገ ወይራ ያሸታል።
«ዱላዬስ?» ይለኛል።
«አልደረቀም» እለዋለሁ።
አንገቱን ነቅንቆ ሲሄድ
እስከ መታጠፊያው አየዋለሁ።

እንጀራዬ በርጩማ ነው፤ ሦስት እግር፣ ከአንድ ግንድ፣
መሬቱ ቢጎረብጥ ቢሰረጉድ የማይንገዳገድ።
ቀጥ ያለውን ለሰው ቤት፣ ቆልማማውን ለገና፣
እንዲህ ነው የምለየው፤ ከእንጨትም እንጨት አለና።
ጣሃ የሚመታበት፣ ጣሃም የተመታበት
ሁለቱም የእኔ እጅ ሥራ፤ ያው ግንድ ነው የወጡበት።

የዚያን ቀን፣ ኪቶ ሜዳ ላይ፣ ሦስት ደቂቃ ሲቀር፣
ለአንዲት እሩር ሁለት ዱላ ተነሣ፤
የረጋሳ ሳተ።
ቅል ድንጋይ ላይ ሲወድቅ የሚሰማው ድምፅ።
ሜዳው ጸጥ አለ። እኔ ግን ከዳር ሆኜ
መጀመሪያ ያየሁት ዱላውን ነው፤
አልተሰነጠቀም።
ደስ አለኝ። ለአንድ ትንፋሽ ያህል።
ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ዐሥራ አንድ ቀን ተኛ፣ ከሆስፒታሉ ሦስተኛ ፎቅ፣
ማሽን ብቻ እየቆጠረለት፣ እሱ ምንም ሳያውቅ።
ሲነቃ እህቱን ነጂማን «አሰልጣኝ» ሲል ጠራት፣
ማንኪያዋን «ዱላ»፣ ክኒኗን «እሩር» አላት።
ረጋሳ በር ላይ ቆሞ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ሲያለቅስ
የራሱን ስም የረሳው ሰው ተረቱን አልረሳም፦
«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» አለው።
ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።
ዘይቱና ብቻ፣ እናቱ፣ የአልጋውን ብረት እንደያዘች፣
«ጌታስ አይቆጣ። እናትን ማን ጠየቃት?»

ሐኪሟ ወረቀት ላይ እንቁላል ሣለች፤
በእስክሪብቶዋ ጫፍ አንዴ ነካ አድርጋ
«ሌላ ምት ከደገመው...» አለችና
ዓረፍተ ነገሩን ሳትዘጋ ወጣች።

አሁን በማለዳ የጅሬንን ዳገት ይሮጣል ይሉኛል።
ሁለት ጊዜ መሐል መንገድ ላይ ቆሞ
ወዴት እንደሚሄድ ጠፍቶት ባጃጅ መልሶታል።
የሰፈር ልጆች «መቼ ነው የምትገባው?» ሲሉት
«ገና ነው» ይላል እየሳቀ፤
ጨዋታውን ይሁን፣ ጊዜውን፣
ከእነሱ ማንም አልጠየቀ።
ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ግን
(ጅማ ደግሞ መቼ ነው የማይዘንበው!)
ጭንቅላቱን ትራስ ሥር ይቀብራል፣
ነጂማ ናት የነገረችኝ።

አሰልጣኙ ደውሎ ነበር፦ «ስም ዝርዝሩ ዓርብ ይዘጋል።
ያለ እሱ መሐል ሜዳችን ምሰሶ የሌለው ጎጆ ነው።»
ዘይቱናም መጥታ ነበር፤ ምንም አላለችም።
አንዱ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ
ፍቅፋቂውን በእግሯ ስትገፋ፣ ስትሰበስብ፣ ስትገፋ ቆየችና
ሄደች።

ዱላው ከደረቀ ሦስት ወሩ ነው።
ከበርጩማዎቹ ጀርባ፣ በጆንያ ተጠቅልሎ።
ትናንት ሰኞ እንጨት ልገዛ ወጥቼ ስመለስ
ጆንያው የእኔ ባልሆነ አስተጣጠፍ ታጥፏል፤
አቧራው ላይ የመዳፍ ምልክት አለ፣
ቆልማማው ጫፍ ወደ ግድግዳው ዞሯል።
አንሥቶታል። መዝኖታል።
ምናልባት አንዴ አየሩን መትቶበታል።
ከዚያ መልሶ አስቀምጦታል።

ዛሬ ማክሰኞ መጣ።
«ዱላዬስ?»
«አልደረቀም።»
ወደ ሰማይ አንጋጠጠ፤ ፈገግ አለ፤
«ዝናቡ ነው» አለኝ።
ከላያችን ቆርቆሮው መንጫጫት ጀመረ።
ጆሮውን አልያዘም።
ወይም ይዞ ከሆነ፣
እኔ መላጊያዬን እያየሁ ነበር።